ይህ ልምምድ ነው

«ጥርት አድርጌ እሰማሻለሁ፤ አንቺስ ትሰሚኛለሽ?»

ጸጉር ሠሪዋ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ድምፁ የባሏ ነው፤ የሚመጣውም ከበረንዳው ነው። ባሏ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራው እጅ እንጂ አፍ አይፈልግም፤ ማታ ሲገባም አፉን ከመፍቻዎቹ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት የሚመጣ ይመስላል። «ምን ዋልክ?» ስትለው «ሥራ» ይላል፤ «እራት ላቅርብ?» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። ከሱ ወሬ ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል እያለች ደንበኞቿን ስታስቅ ኖራለች። አሁን ግን ይኸው ሰው በእሑድ ማለዳ፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ «አንቺ» ከሚላት ሰው ጋር ያወጋል። ሴትዮዋም መለሰችለት። ትንሽ ሻከር ያለ ግን ደስ የሚል ድምፅ ነው። እሷም እንደምትሰማው፣ ዛሬ ደግሞ ድምፁ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ መምሰሉን ነገረችው። ባሏ ሳቀ። ጸጉር ሠሪዋ እቤት ውስጥ መጨረሻ የሳቀው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞክራ አቃታት።

ሬዲዮ እንዳለው ታውቃለች። እንዴት አታውቅም? የአንቴናው ዘንግ በረንዳው ላይ ተተክሎ የልብስ ማስጫዋን ቦታ ነጥቋታል። ከዘንጉ የሚወርደው ጥቁር ገመድ በኩሽናው መስኮት በኩል ስለሚገባ መስኮቱ ገጥሞ ተዘግቶ አያውቅም፤ ብርድ ሲመጣ ክፍተቱን በጨርቅ የምትወትፈው እሷ ናት። በሩ አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ ተሰናድቶ የሚቀመጥ ቦርሳ አለ፤ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ ገመድ፣ ብስኩት። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶባት ብስኩቱን ለሻይ ብታወጣው ባሏ ሁለት ቀን አኩርፏታል። ለደንበኞቿ «ጣውንቴን ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጣት፤ ስትፈልግ ትንጫጫለች፣ ስትፈልግ ዝም ትላለች» ትላቸዋለች። ጣውንቲቱ የሰው ድምፅ ይኖራታል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ባሏ ከበረንዳው ገብቶ ቦርሳውን ሲያነሳ የት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ልምምድ እንዳላቸው ነገራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይቅናህ» ብላው ወደ ጸጉር ቤቷ በሄደች ነበር፤ እሑድ ከምሳ በፊት ሰው የሚበዛባት ሰዓት ነው። ዛሬ ግን ለረዳቷ ደውላ ራሷ እንድትከፍት አዘዘቻትና ጫማዋን አጠለቀች። እኔም እመጣለሁ አለችው። ባሏ ጫማዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ልምምዱ ብዙ መቀመጥ እንዳለውም አስጠነቀቃት። ሥራዋ መቆም ስለሆነ መቀመጥ እንደማትጠላ መለሰችለት።

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ትራንስፖርት ዋጋ ያጉረመርማሉ፤ ትናንት እንዲህ ነበር፣ ዛሬ እንዲህ ሆነ። ጸጉር ሠሪዋ ባሏን በጥያቄ ወጠረችው። እነማን ናቸው? ምን ይሠራሉ? ማን ይከፍላቸዋል? መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ በየፌርማታው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያወጣ ነገራት። ሁሉም የራሱ እንጀራ ያለው ሰው ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ፈተና ተፈትነው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጡ ናቸው። ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ መጥቶ ስልክ የሞተ ቀን የሆስፒታሉን መልእክት ለአምቡላንስ፣ የመጠለያውን መልእክት ለቤተሰብ በየራሳቸው ሬዲዮ ያደርሳሉ። የዛሬው ልምምድ ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ለሁለት ከፈለው፣ ስልክም መብራትም ጠፋ በሚል ነው። የሚከፍላቸው የለም፤ የአውቶቡሱም ከኪሳቸው ነው። ታዲያ ምን ታገኙበታላችሁ ብትለው ምንም አላት። ምንም ላታገኙ እሑድን ሙሉ? ባሏ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ሁለት ፌርማታ አሳለፈ። ከዚያ፣ «ሰው ሲጣራ የሚመልስለት ይኖራል» አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ልምምዱ ያለበት ትምህርት ቤት ከወንዙ ወዲህ፣ ዳገት ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። የመምህራኑ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዎች ተጋጥመው ሬዲዮዎች፣ የመኪና ባትሪና የተጠላለፈ ገመድ ተከምሮባቸዋል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የከተማው ካርታ በፕላስተር ተለጥፏል። የሬዲዮዎቹን ማዕከል የምትመራው ሴት ማዳመጫ ራሷ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ገና ከበሩ ድምፁን አወቀችው፤ የማለዳዋ ናት። ፋርማሲስት ናት አሏት። እድሜዋ ከጸጉር ሠሪዋ ብዙ አይርቅም፤ መልኳም የሚናቅ አይደለም። ጸጉር ሠሪዋ ግን ቀድማ ያየችው ጸጉሯን ነው። ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ማዳመጫው መሃሉን ጨፍልቆታል፤ ከኋላ ደግሞ መስታወት ፊት ቆማ ራሷ በመቀስ እንደቆረጠችው ያስታውቃል። እንዲህ ባለ ጸጉር መቅናት አልቻለችም። ይልቅ እጇን በላት።

«ጣውንትሽን ልታዪ መጣሽ?» አለቻት ፋርማሲስቷ እየሳቀች።

ጸጉር ሠሪዋ ደነገጠች። ለካ ባሏ እሷ ቤት ውስጥ የምትቀልደውን ሁሉ ይዞ እየመጣ እዚህ ያወራዋል። የድንጋዩንና የውሃውን ቀልድ ያውቁታል። የአማቷን ጸጉር ስትሠራ የሆነውን ያውቃሉ። ፊት ለፊቷ የማይስቅበትን ቀልድ ሰው ፊት ተርኮ ያስቅበታል። ዞር ብላ ስታየው ባሏ ገመድ የሚፈታ መስሎ አንገቱን ደፍቷል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

ጠዋቱን በትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየች። ሬዲዮው ልማድ አለው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ቁልፉን የተጫነ ሰው እስኪለቅ ድረስ ሌላ ሰው መናገር አይችልም። የተባለው ነገር ሁሉ ተመልሶ ቃል በቃል ይነበባል። ሆስፒታሉ የሌለ ደም ይጠይቃል፤ የአውቶቡስ መናኸሪያው ያልመጣ ተፈናቃይ ይቆጥራል። ድልድዩ ላይ በሥራ ቀን ታክሲ የሚነዳ ሰው አለ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጣቢያ የያዙት ደግሞ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ሁሉንም ነገር «ድገምልኝ» ይላሉ፤ ስማቸውም በዚያው ጋሽ ድገምልኝ ሆኖ ቀርቷል። ጸጉር ሠሪዋ ሳታስበው ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

ተፈናቃይ ሆነው ይመጣሉ የተባሉት የሰፈሩ ሰዎች ቀሩ። ፋርማሲስቷ ዙሪያዋን ቃኝታ ጸጉር ሠሪዋን አየች። አንድ ተፈናቃይ እንደሚያስፈልጋት፣ ተፈናቃዩም ከወንዙ ማዶ ላለ ዘመድ ከሃያ ቃል የማይበልጥ መልእክት መላክ እንዳለበት ነገረቻት። አድራሻው ግን የእውነት ይሁን አለቻት፤ ጋሽ ድገምልኝ በእግራቸው ሄደው በር አንኳኩተው ያደርሱታል፤ ካላደረሱት ልምምድ አይባልም። እውነተኛ ልምምድ እንዲህ ነው።

ከወንዙ ማዶ ሁለት ደንበኞች አሏት። የአንደኛዋን አድራሻ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና የእህቷን ሰጠች። የእህቷን ስም፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ያለችውን መጋረጃ መስፊያ ክፍል፣ ደረጃው ከጓሮ በኩል መሆኑን ጭምር። አሁንም እዚያው ትኖር ይሆን የሚል ጥያቄ ወደ አእምሮዋ መጣ፤ ከዚያ ያለፈ አልነበረም። ከእናታቸው ሞት ወዲህ አልተነጋገሩም። እናታቸው ታላቅየዋ ዘንድ ታማ ስትተኛ ለታናሿ ማንም አልነገራትም። እሷ ራሷ ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበረች። በስንት ልመና የመጣ ፅንስ ነበር፤ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟት ተኝታ ነበር፤ መጨረሻው ግን አላማረም። ባዶ እጇን ወጥታ ቤቷ እንደገባች የእናቷን መርዶ ሰማች። ታምሜ እንጂ ሞቼ አልነበረም፤ እናቴን ደበቅሽብኝ አለቻት እህቷን። እህቷም ልትመልስላት ጀመረች፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ተናገሩ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ስልካቸው ይሠራል፤ ድልድዩም እንዳለ ነው። አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ።

ባሏ አድራሻውን ሲሰማ እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

ልምምድ አይደል እንዴ አለችው። መልእክቱን ለማርቀቅ ብዙ ፈጀች። የመጀመሪያው ረዘመ፤ ሁለተኛው ክስ መሰለ፤ ሦስተኛው የማታውቀው ሰው የጻፈው ሆነ። በመጨረሻ «ደህና ነኝ። ያለሁት ከወንዙ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አንቺስ ደህና ነሽ?» ብላ ሰጠችው። ባሏ በደንቡ መሠረት ፊትና ኋላው ላይ «ይህ ልምምድ ነው» የሚለውን ጨምሮ ወደ ማዶ አነበበው። ቀና ብሎ አላያትም። ጋሽ ድገምልኝ «ድገምልኝ» አሉ፤ ደገመላቸው። ከዚያ እሳቸው ቃል በቃል መልሰው አነበቡት፤ «አንቺስ ደህና ነሽ?» የሚለውን ያን በመሰለ ጎርናና ድምፅ ስትሰማው ጸጉር ሠሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ወጣ፤ ከፔርሙዝ ሻይ ተቀዳ። ባሏ የጣሪያውን አንቴና ሊያጠብቅ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ፋርማሲስቷ ስለ ጸጉር ቅባት ውድነት አነሳች፤ ጸጉር ሠሪዋ መላጣ ከሚያደርግ ቅባት ውሃ ይሻላል አለቻት። ከዚያ ባሏ እዚህ መምጣት ለምን እንደጀመረ ጠየቀቻት፤ እኔ ሚስቱ ሆኜ አላውቅም ስትል ራሷም ገረማት።

ፋርማሲስቷ ነገረቻት። አንድ ጊዜ በአውሎ ነፋስ ምክንያት የከተማው ስልክና መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ጸጉር ሠሪዋ ያን ቀን ታስታውሰዋለች፤ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር ሳሙና እንደተቀባ ውሃ ሄዶባት ተሳስቀዋል። ባሏ ያን ቀን የሚደውልለት ስለሌለ ሥራ የለም ብሎ ቢሮው ቁጭ አለ። ማታ ስልኩ ሲመለስ የጥሪ መዓት ባንዴ ወረደበት፤ በየሕንፃው ሊፍት ውስጥ ሰው ተቆልፎ ውሏል። ከሁሉ ከአእምሮው ያልወጡት አንድ አዛውንት ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን ሲጣሩ ውለው፣ በሩ ሲከፈትላቸው መሬት ላይ ተቀምጠው የገዙትን ዳቦ ታቅፈዋል። አልተቆጡትም፤ «ልጄ፣ ከተማው ውስጥ ሰው ቀርቷል?» ብለው ብቻ ጠየቁት። በሳምንቱ መጥቶ ለፈተናው ተመዘገበ። ጸጉር ሠሪዋ ያን ማታ ባሏ ቤት ገብቶ ምን እንደበላ ለማስታወስ ሞከረች። ምን ዋልክ ብላው ይሆናል። ሥራ ብሏት ይሆናል።

ይህን እያሰበች ሳለ ሬዲዮው ጮኸ። ጋሽ ድገምልኝ ናቸው፤ እያለከለኩ ነው። መልእክቱ መድረሱን፣ ነገር ግን ችግር መፈጠሩን ተናገሩ። ደረጃውን ወጥተው፣ ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ፣ ሬዲዮአቸውን እንደያዙ አንኳኩተው ማንበብ ጀመሩ። ይህ ልምምድ ነው የሚለውን ሲያነቡ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነበር። መኪናው የቆመው «ደህና ነኝ» ላይ ሲደርሱ ነው። ሴትዮዋ «ያለሁት ትምህርት ቤት» የሚለውን ስትሰማ ብድግ አለች፤ ምን ደረሰባት፣ እሳት ነው ወይስ ጎርፍ አለች፤ መልሱንም አልጠበቀችም። እሳቸው ጉልበታቸው እሺ ብሎ ደረጃውን እስኪወርዱ እሷ መንገዱን ተሻግራ ጠፍታለች።

ባሏ ከጣሪያ ወርዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጸጉር ሠሪዋ ስልኳን አወጣች። የእህቷን ቁጥር አጥፍታው አታውቅም። ደወለች። ወዲያው ጋሽ ድገምልኝ በሬዲዮው መጡ፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ሊዘጉላት ተመልሰው ወጥተዋል። ስልኳ እዚህ ስፌት መኪናው አጠገብ እየጮኸ ነው አሉ።

«ማን እንደሚደውል ይታያል» አሉ። «‹ታናሼ› ይላል።»

ከወንዙ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ ሴትዮዋ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ማን ያውቃል? ፋርማሲስቷ ማዳመጫዋን አስተካክላ ለሁሉም ጣቢያዎች ልምምዱ መቆሙን፣ አንዲት ሴት መፈለግ እንዳለባት ተናገረች። ከዚያ መልኳን ንገሪን አለቻት። ጸጉር ሠሪዋ፣ እህቴ ረጅም ናት አለች። ፈጠን ብላ ትራመዳለች፤ ስትቸኩል ግራ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። ጸጉሯ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ወደ ኋላ የተያዘ፤ ይህንስ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ከልጅነት ጀምሮ የሠራችው እሷ ናት። ባሏ ይህን ሁሉ ለጣቢያዎቹ አስተላለፈ።

ቁልፉን ሲለቅ ጋሽ ድገምልኝ ገቡ። ማስተካከያ አለኝ አሉ። ጸጉሯ ጥቁር አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

ጸጉር ሠሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ነጭ ጸጉር ስንት አይታለች፤ ስንት ቀለም ቀብታለች። ይህኛው ግን እሷ ሳታየው፣ ቀን በቀን፣ ከድልድዩ ማዶ ብቻውን የነጣ ነው። የት ጀመረ? ከፊት ነው ከጎን? እህቷ አዝናበት ይሆን፣ ወይስ ግድ አልሰጣትም? ከድንጋጤው ይልቅ ይህን ሁሉ አለማወቋ ከነከናት።

ብዙ ሳይቆይ ድልድዩ ተናገረ። ታክሲ ነጂው አግኝቻታለሁ አለ፤ ሜትር አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች፣ ደረቷ ላይ መርፌ እንደተሰካ፣ በቤት ጫማ ናት። ልምምድ መሆኑን ነግሯታል። አሁን ሬዲዮውን ስጠኝ እያለችው ነው። ፋርማሲስቷ ጸጉር ሠሪዋን በዓይኗ ጠየቀቻት። ከዚያ ጣቢያዎቹ ሁሉ መስመሩን እንዲለቁ አዘዘችና ለድልድዩ ስጣት አለችው። ታክሲ ነጂው ቁልፉን ተጭነሽ ያዢ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ ሲላት ተሰማ። እህቷም ተጫነች፤ መልቀቁን ግን ረሳችው።

«ልምምድ?» አለች። «ልቤን አፍርጠሽው ስታበቂ ልምምድ ነው ትይኛለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳትልኪ፣ ስትልኪ በሰው እጅ፣ ያውም የውሸት ጎርፍ ላይ ቁጭ ብለሽ?» ጸጉር ሠሪዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ባሏ አሁን እንደማትሰማት በእጁ ምልክት ሰጣት። ቁልፉ ካልተለቀቀ ማዳመጥ ብቻ ነው። «እማዬን ደበቅሽብኝ አልሽኝ። አዎ ደብቄሻለሁ። እኔ ነኝ እንዴ የወሰንኩት? እሷ ናት። ልነግራት ነው ስላት እጄን ያዘችኝ። ‹ትተኛ፤ ብትሰማ ትነሳለች፣ ከተነሳች ልጁ አይተርፍም። እኔ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ እሷም የራሷን ታሳድግ› አለችኝ። ባልሽንም አስጠርታ አስማለችው። ታዲያ ልጁም አልተረፈ፣ እሷም አልተረፈች። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? ለልጅሽ ስትል ነው ሳትጠራሽ የሞተችው ልበልሽ? ልጁ በሌለበት? በባዶ እቅፍሽ ላይ ይህንንም ልጨምርብሽ? ጥላኝ ትኑር አልኩ። ከዚህ ይሻላል አልኩ። አሁን ግን እርጅናዬ መጣ፤ በቤት ጫማ ድልድይ ላይ ሩጫ ይዣለሁ። ይኼው ነው። ተናገርኩ።»

ቁልፉ ተለቀቀ። ከሬዲዮው የሚሰማው የአየሩ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። በየጣቢያው ያሉት ሁሉ እንደሰሙ ታውቃለች፤ ጋሽ ድገምልኝ እንኳን «ድገሚልኝ» አላሉም። ጸጉር ሠሪዋ ባሏን አየችው። መስመሩን የሚቆርጠው ጉጥ ጣቱ አጠገብ ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልነካውም።

«እውነት ነው» አላት። «ማልኩላቸው። ኋላ ደግሞ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።»

የምትለው ብዙ ነበራት። ለሱ የሚሆነው ለብቻው፣ ለእህቷ የሚሆነው ለብቻው፤ ለእናቷ የሚሆነው ደግሞ ወዴት እንደሚላክ አታውቅም። የእናቷን ሁኔታ የማወቅ ጉጉት ከንዴቷ በላይ በረታባት፤ ያን ስትል ተኝታ ነው ወይስ ተቀምጣ? ፈገግ ብላለች? የቱን እጅ ነው የያዘቻት? ይህ ሁሉ በሃያ ቃል አይጠየቅም። ማይክሮፎኑን ከባሏ እጅ ወሰደች፣ ተጫነች፣ ሲያደርጉ እንዳየችው ትንሽ ቆየች።

«እትዬ፣ እዚያው ሁኚ። መጣሁ» አለች።

ዳገቱን ስትወርድ ባሏ የእጅ ሬዲዮ ይዞ፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ተከተላት። ልትመልሰው አሰበችና ተወችው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ሲከተላት እስከ ታች ድረስ አልዞረችም። የታች ሱቆቹ ደጃፍ ላይ ሰው ይገበያያል፤ አትክልት ሻጩ ከአንዲት ሴት ጋር በቲማቲም ዋጋ ይከራከራል፤ አንድ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሳቀ ያልፋል። ድልድዩ ሥር ወንዙ እንደ ወትሮው ቀጥኖ፣ ላስቲክ እየጎተተ ይወርዳል። ታክሲ ነጂው ከድልድዩ ጫፍ ታጣፊ ወንበሩን ለቆ ቆሟል። ወንበሩ ላይ እህቷ ተቀምጣለች፤ ስታያት ተነሳች፤ ነጩ ጸጉሯ በነፋሱ ተበትኗል። ጸጉር ሠሪዋ አምርራ ታልቅስ፣ ትቆጣ ወይስ እግሯ ላይ ትውደቅ ሳትወስን ደረሰች። ከሁሉም ቀድሞ እጇ ሄደ፤ ከእህቷ ደረት ላይ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ እንዳይወጓቸው ነው። ከዚያ ተቃቀፉ፤ ብዙ ጊዜም አልተላቀቁም። ታክሲ ነጂው ወደ ወንዙ ዞሮ ውሃውን ማየት ያዘ።

ባሏ ራቅ ብሎ የድልድዩን ብረት ተደግፎ ቆመ። ማዕከሉ ሲጠራው ሰማ። ፋርማሲስቷ ናት፤ ሁሉም ጣቢያ እየጠበቀ ነው፣ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሁኔታ ይገለጽ አለችው። ቁልፉን ተጭኖ ሁለቱም መገናኘታቸውን፣ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን አስታወቀ። ትንሽ አሰበና ሁለቱም ባንድ ጊዜ እያወሩ መሆናቸውንም ጨመረ። እህትማማቾቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደሱ እየመጡ ነው፤ አንዷ ጣቷን ቀስራለች፣ ሌላዋ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች።

«ስለ ምን ነው የሚያወሩት?» አለች ፋርማሲስቷ።

ባሏ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስለ እኔ» አለና ሬዲዮውን ዘጋው።